መንገድ ላይ ያለው ዕቃ በየትኛው መዝገብ ይያዝ?

የምሠራበት የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት ዕቃውን በሦስት ቦታ ያስቀምጣል፤ ዋናው መጋዘን ቃሊቲ፣ የመሸጫ ሱቁ ሶማሌ ተራ፣ ቅርንጫፉ ደግሞ ሐዋሳ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው የኤክሴል ፋይል ስለነበራቸው፣ በየዓመቱ ሰኔ 30 በሚደረገው ቆጠራ የሦስቱ ድምር ከሒሳብ ክፍሉ መዝገብ ጋር ገጥሞ አያውቅም። ሁሉንም ወደ አንድ የፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ የማዛወሩ ሥራ ሲሰጠኝ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የተቸገርኩት በዕቃው መለያ ቁጥር ነው። የቶዮታ የፊት ፍሬን ሸራ ቁጥር በ04465 ይጀምራል፤ አንዱ መዝጋቢ ከአምስተኛው አኃዝ በኋላ ሰረዝ ያስገባል፣ ሌላው ሰረዙን ይተዋል፣ ሰረዝ ከሌለው ደግሞ ኤክሴል ተራ ቁጥር አድርጎ ስለሚያየው የፊቱን ዜሮ ይጥለዋል። ስለዚህ መለያውን በጽሑፍነት እንዲያዝ አደረግሁ፤ ሰረዝና ክፍት ቦታ ሲገባ እንዲወገድ፣ የአምራቹ ስምና ቁጥሩም ተጣምረው እንዳይደገሙ ከለከልሁ።

ትልቁ ስሕተት ግን የራሴ ነበር። በዕቃዎች ሠንጠረዥ ውስጥ ለየቦታው አንድ አንድ የብዛት ዓምድ ሰጠሁ፤ አራተኛ ቅርንጫፍ ቢከፈት ሠንጠረዡንም ሪፖርቶቹንም እንደገና መሥራት ግድ እንደሚሆን የገባኝ ዘግይቶ ነው። ብዛት የዕቃው ብቻም የቦታው ብቻም ጠባይ አይደለም። በዚህ ምክንያት ዕቃን ከቦታ የሚያገናኝ ሦስተኛ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ያም አልበቃም። ወደ ሐዋሳ የሚሄደው አይሱዙ ማታ ቃሊቲ ተጭኖ፣ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በማግስቱ እስኪራገፍ ድረስ ዕቃው ከአንዱ ወጪ ሆኗል፣ በሌላው ገና ገቢ አልሆነም፤ ከሁለቱም መዝገብ ጠፍቶ ያድራል።

መፍትሔው በቦታዎች ሠንጠረዥ ላይ «መንገድ ላይ» የሚል አንድ ረድፍ መጨመር ነበር። አሁን ብዛትን በቀጥታ የሚጽፍ ሰው የለም፤ የሚጻፈው እንቅስቃሴ ብቻ ነው፦ የትኛው ዕቃ፣ ከየት፣ ወደ የት፣ ስንት፣ በየትኛው የወጪ ደረሰኝ፣ መቼ። አቅራቢውና ደንበኛውም እንደ ቦታ ተመዝግበዋል። መነሻና መድረሻ በአንድ ረድፍ ስለሚሰፍሩ ዕቃ ከአንዱ ወጥቶ የትም ሳይገባ ሊቀር አይችልም፤ ከወጪ ቀሪውም ከገባው ላይ የወጣው ተቀንሶ ይሰላል። የቃሊቲውን ንብረት ክፍል ኃላፊ ይህን ሳሳያቸው «ይሄማ ቢን ካርድ ነው» አሉኝ፤ የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በእጅ የሚጻፍበትን የመጋዘን ካርድ ማለታቸው ነው፤ እውነታቸውን ነው፣ ጋሼ ይህንኑ በእርሳስ ሲሠሩት ኖረዋል።

ቀኑም ቀላል አልነበረም። ደረሰኞቻችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሚቆረጡ ጥቅምት 30፣ 30/2 ተብሎ ሲገባ ዳታቤዙ ፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ስለሚያነበው የሌለ ቀን ነው ብሎ አልቀበልም ይላል፤ ጳጉሜንንም አያውቃትም። የባሰው ግን ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው፤ መስከረም 5 ያለ አንዳች ተቃውሞ ጃንዋሪ 5 ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ውስጡን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጬ ስክሪኑ ላይ ወደ ኢትዮጵያው እየመለስኩ አሳያለሁ።

ከቃሊቲ 20 ተልኮ ሐዋሳ 18 ቢረከብ ሁለቱ «መንገድ ላይ» ላይ ይቀራሉ። የቆዩ ደረሰኞችን አስገብቼ የዚያን ረድፍ ቀሪ የጠየቅሁ ዕለት፣ በዝርዝሩ ከወጡት ዕቃዎች አንዳንዶቹ ከስምንት ወር በፊት የተጫኑ ነበሩ።