ባዶው ምሳ ዕቃ ሲመለስ

ምግብ ሠርቼ በየቤቱ መላክ ከጀመርኩ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሙያው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ዕቃው ነው። ዛሬም አጥቤ ስጨርስ፣ እስኪ ይሄን ነገር ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የምልክበት ባለ ሦስት ደርብ የማይዝግ ብረት ምሳ ዕቃ ነው። የላይኛው ቂጥ ለታችኛው ክዳን ይሆናል። እውነተኛ ክዳን ያለው ከሁሉም በላይ ያለው ብቻ ነው። በግራና በቀኝ ያሉት ማሰሪያዎች ሦስቱንም ጥርቅም አድርገው ይይዛሉ። ሲዘጉ የሚሰማውን ቀጭ የሚል ድምፅ ሳልሰማ ዕቃ ከእጄ አይወጣም።

አደራደሩ የራሱ ሥርዓት አለው። ፈሳሽና ከባዱ ታች፣ ደረቁ ከላዩ። ከባዱ ላይ ከወጣ ዕቃው መንገድ ላይ ይንገዳገዳል። ሰላጣ ያለበት ቀን ግን ያስቸግራል። የታችኛው ሙቀት በብረቱ በኩል ወደ ላይ ይዘልቅና ቅጠሉ ጠውልጎ ይደርሳል። ስለዚህ ሰላጣን ከትኩስ ምግብ ጋር አልደርብም፤ ለብቻው ይሄዳል።

ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ግድግዳው ነጠላ የሆነ ብረት ቶሎ ይቀዘቅዛል። እንደ ፔርሙዝ በሁለት ግድግዳ መሃል አየሩ የተመጠጠለት ዓይነት ይሻላል፤ ግን ይከብዳል፣ የሚይዘውም ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ እንዲሁ ውጭ እንዳይቀመጥ፣ ትኩሱም እስኪበላ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሆኖ እንዲቆይ ይመክራል። ለእኔ ይሄ ማለት ሩቅ ሰፈር ያለ ደንበኛ አልቀበልም ማለት ነው። ገንዘቡ ቢያስፈልገኝም አልቀበልም።

ባለፈው አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ክዳኑ እኮ እምቢ አለኝ» አሉ።

«በጉልበት አይታገሉት እማማ። ክዳኑ ላይ ሞቅ ያለ ውሃ ያፍስሱበትና ትንሽ ይቆዩ» አልኳቸው።

ስልኩን ሳይዘጉ ሞከሩት፤ ወዲያው ተከፈተ። ነገሩ ቀላል ነው። ምግቡ ትኩስ ሆኖ ሲከደን ውስጡ በእንፋሎት ይሞላል። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ውሃ ይሆናል፣ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ የውጭው አየር ክዳኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ሲሞቅ ደግሞ ይለቃል።

ዋናው ጉዳይ ግን መመለሱ ነው። ተበልቶ የሚጣል ዕቃ ከበር ከወጣ በቃ፣ ከእኔ ጋር ጉዳይ የለውም። ይሄኛው ግማሽ ሥራው የሚጀምረው ከተበላ በኋላ ነው። ብረቱን ማምረት ብዙ ኃይል ይፈጃል፤ ማጠቢያ ውሃውም ተጨምሮበት ከሚጣለው የሚሻለው ደጋግሞ ሲመላለስ ብቻ ነው። ሰው ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ የተረሳ ምሳ ዕቃ ግን ማንንም አይጠቅምም፤ ለአካባቢም አይበጅም። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ያዘጋጀሁት። ሙሉው ሲገባ ባዶው ይወጣል። የመያዣ ገንዘብም አስከፍላለሁ። «አላመንሽንም እንዴ?» ብለው ቅር የሚላቸው አሉ። የእምነት ጉዳይ አይደለም፤ መያዣ የተያዘበት ዕቃ አይረሳም። በዚህ አልደራደርም።

የሕንዷን ከተማ የሙምባይን ምሳ አድራሾች፣ ዳባዋላዎችን ሳስብ ደስ ይለኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1890 ጀምሮ የሰውን ምሳ ከቤቱ ተቀብለው በብስክሌትና በባቡር ቢሮው ድረስ ያደርሳሉ። ባዶውን ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመልሱታል። የማን ምሳ የት እንደሚደርስ የሚያውቁት ዕቃው ላይ በተጻፉ ቁጥሮች፣ ፊደሎችና ቀለሞች ነው። እኔን የሚገርመኝ ማድረሱ ብቻ አይደለም። ባዶውን ከሙሉው እኩል ማክበራቸው ነው።

የተመለሰውን ሳጥብ መጀመሪያ የማየው የክዳኑን ጎማ ነው። ብረቱ ሽታ አይዝም። ጎማው ግን ይይዛል፤ ጎማው የሚገባበት ቀጭን ቦይ ውስጥ ዘይት ይደበቃል። አውጥቼ በለስላሳ ብሩሽ ለብቻው እፈትገዋለሁ። ከታጠበ በኋላም ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አልደርበውም። ርጥብ ሆኖ የተዘጋ ዕቃ በማግስቱ ሲከፈት የሚሸተውን ሽታ ለማንም ምሳ አልመኝም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ደርቦቹ እርስ በርስ እየተቀላቀሉ ነው። መልካቸው አንድ ይመስላል እንጂ የአንዱ ስብስብ ደርብ ከሌላው ጋር በደንብ አይገጥምም፤ ትንሽ ክፍተት ይቀራል፣ መረቅ የሚያልፈውም በዚያች ክፍተት ነው። ስለዚህ ነገ ምግብ ከመጀመሬ በፊት በየደርቡ ቂጥ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ። አንድ ስብስብ፣ አንድ ቁጥር፤ ክዳኑንም ጨምሮ።