የዮቶር ምክርና የምርጫ ካርዴ

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚለው አባባል በአማኞች ዘንድም ሥር የሰደደ ነው። ከ2013ቱ ምርጫ በፊት ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ በምንሰበሰብበት የቤት ኅብረት «አገራችን በሰማይ ነው፤ ምርጫ የዓለም ሰዎች ጉዳይ ነው» የሚሉ ብዙ ነበሩ። ኅብረቱን የምመራው እኔ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ ከበደኝ። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት የጻፈው ደብዳቤ አለ። ባቢሎን አገራቸው አልነበረችም። ሆኖም ለከተማይቱ እንዲጸልዩ ብቻ ሳይሆን ሰላሟንም እንዲፈልጉ ታዘዙ። ሐዋሳማ የእኛው ናት፤ ልጆቻችንን የምናሳድግባት።

ውይይቱን ስንጀምር አንድ ደንብ አወጣን፦ የፓርቲም የዕጩም ስም አይጠራም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሳሎን ውስጥ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌው አብሮ ተንበርክኮ ይጸልያል። መሪው «እገሌን ምረጡ» ካለ ያ ኅብረት ይሰነጠቃል። የእግዚአብሔርን ስም ይዞ ለሰው መቀስቀስ ደግሞ ያስፈራኛል፤ ዛሬም ያስፈራኛል።

ከዚያ ዘጸአት 18ን አነበብን። ዮቶር አማቹን ሙሴን ሕዝቡን የሚያስተዳድር ሰው ምረጥ ሲለው የሚመረጡት አዋቂዎች፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑና የግፍን ጥቅም የሚጠሉ እንዲሆኑ ነግሮታል። ብዙዎቻችን «ጌታን ያመነ ነው?» ብለን እንጠይቅና እዚያው እናቆማለን። ዮቶር አላቆመም። ሥራውን ይችላል? ቃሉን ይጠብቃል? ጉቦ ሲቀርብለት ምን ያደርጋል? ጥያቄዎቹን በወረቀት ጻፍኩና አባዝቼ አደልኩ። እያንዳንዱ ቤቱ ሆኖ፣ የቴሌቪዥን ክርክሩን እየተከታተለ፣ ሰፈር ውስጥ ዕጩውን የሚያውቁ ሰዎችን እየጠየቀ እንዲሞላው ተስማማን። ለተወካዮች ምክር ቤት አንድ ወረቀት፣ ለክልሉ ምክር ቤት ሌላ። የሞላውን ለማንም አያሳይም።

አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ ጸልያለሁ። ካርዱ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ።

«እማማ፣ ለልጅ ልጅዎ ትምህርት ይጸልያሉ አይደል? ጠዋት ጠዋትስ ቀስቅሰው ትምህርት ቤት አይልኩትም?»

ትንሽ አሰቡና «እሱስ እልካለሁ» አሉ። ካርዳቸውን ሊያወጡ አብረን በባጃጅ ሄድን።

ሰኔ 14 ቀን ተሰልፈን መረጥን። ጣታችን ላይ ቀለም ነበር፤ ማን ማንን እንደመረጠ ግን አልተጠያየቅንም። ድምፅ በምስጢር መሰጠቱ ለወንድማማችነት ምን ያህል እንደሚጠቅም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

የከበደን የውጤቱ ማግሥት ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በሥልጣን ላሉት ሁሉ ጸልዩ ይላል፤ «ለመረጣችኋቸው» አይልም። የፈለገው ሰው ያላሸነፈለት ወንድም ለአሸናፊው ስም ጠርቶ ሲጸልይ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ጸሎት ከብዙ ስብከት አስበልጠዋለሁ። ግን ጸሎቱ አፍ አይዘጋም፤ የተመረጠው ቃሉን ካላከበረ ሄዶ መጠየቅም የዚያው ኃላፊነት ክፍል ነው።

እንዲህ ያለ ውይይት ለማድረግ ላሰበ መሪ የምለው፣ ከምዝገባው በፊት ጀምሩ። ቤት ቀይረው ወደ ሰፈራችን የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። ይህን ቀድሞ ያወቀ የት እንደሚመዘገብ አጣርቶ ይደርሳል።