ያው ትዕይንት፣ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ቋንቋ

ፒያሳ ሀገር ፍቅርም ሆነ ብሔራዊ ትያትር ልምምድ ስታዩ፣ ተዋናዩ እጁን የሚያነሳበትን ቅጽበት ልብ በሉ። «ያንን ልጅ ከነእናቱ በሌሊት ከቤቴ አስወጣሁት» ሲል እጁ የሚወነጨፈው «አስወጣሁት» ላይ ነው፤ የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነዋ የሚመጣው። እስከዚያ ድረስ አብሮት የሚጫወተው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ከእንግሊዝ ጎን ባለችው በዌልስ ቋንቋ፣ በዌልስኛ፣ ነገሩ ይገለበጣል። «ግዌሎዝ ኧ ዲን ኧ ኪ» ማለት «ሰውየው ውሻውን አየ» ነው፤ በቃላቱ ቅደም ተከተል ከሄድን ግን «አየ ሰውየው ውሻውን» ይሆናል። ድርጊቱ ይቀድማል፣ ባለቤቱ ይከተላል። እንግሊዝኛ ደግሞ ግሱን መሀል ይከታል። እንግዲህ በዌልስኛና በእንግሊዝኛ የሚሠራ ተዋናይ የሚቀይረው ቃሉን ብቻ አይደለም፤ እጁ የሚነሳበትን፣ ትንፋሽ የሚወስድበትን፣ ዓይኑን የሚያዞርበትን ሰዓት ሁሉ ነው።

ስለ ዌልስ ተዋናዮች የምጽፈው ለዚህ ነው። እኛ ከተማ ውስጥ በሁለት ቋንቋ አፍ የፈታ ተዋናይ ሞልቷል፤ ሁለቱንም እንደ ሙያ መሣሪያ አሠልጥኖ የያዘው ግን ጥቂት ነው። ዌልሶች ይህንን ሥራ አድርገው ይዘውታል። በ2021 እ.ኤ.አ. ቆጠራ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዌልስኛ እንናገራለን ያሉት 538 ሺህ ገደማ፣ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ 17.8 በመቶ ናቸው። ይህን ታህል ተመልካች ይዘው ከ1974 ጀምሮ «ፖቦል ኧ ኩም» የተባለውን ተከታታይ ድራማ በዌልስኛ እየሠሩ ነው። ኤስ ፎር ሲ የተባለው የዌልስኛ ቴሌቪዥን ጣቢያ በኅዳር 1982 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ለረዳት ገጸ ባሕርይ ተዋናይ ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ በዌልስኛ የመንደር ባለሱቅ፣ ነገ በእንግሊዝኛ መርማሪ ፖሊስ ሆኖ ይሠራል።

ከእነሱ መካከል ሂው ግሪፊዝን ማንሳት አለብኝ። በ1912 አንግልሲ በተባለው ደሴት ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ተፈትኖ የወደቀው በእንግሊዝኛ ነበር። ከዚያ የባንክ ጸሐፊ ሆነ፣ ወደ ለንደን ተዛወረ፣ የትወና ትምህርት ቤት ገባ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ስድስት ዓመት በውትድርና ሕንድና በርማ አሳለፈ። ወደ መድረክ የተመለሰው በ1946 ነው። በ1959ኙ «ቤን ሁር» ፊልም ላይ ሼክ ኢልደሪምን ሆኖ ተጫወተና በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ወሰደ፤ በእንግሊዝኛ የወደቀው ልጅ፣ በእንግሊዝኛ ፊልም፣ በ47 ዓመቱ። ፊቱን አጥቁሮ ዐረብ ሆኖ መጫወቱ ዛሬ ተቀባይነት የለውም፤ መቅረቱም ልክ ነው። ትወናውን ለመማር ግን አራቱን ነጭ ፈረሶቹን ድንኳን ውስጥ አስገብቶ የሚያስተዋውቅበትን ትዕይንት ደጋግማችሁ እዩ። በሌላ ትዕይንት ስለ ውርርድ ሲያወራ ነጋዴ ነው፤ እዚህ ፈረሶቹ ሲገቡ ድምፁ ልጆቹን እንደሚያስተኛ አባት ይለሰልሳል። ረዳት ገጸ ባሕርይ ማለት ይህ ነው፦ በጥቂት ደቂቃ ሙሉ ሰው።

ወደ አሠራሩ ልምጣ። በ2013 የወጣው «ኧ ጉዊስ» የተባለ የመርማሪ ፖሊስ ተከታታይ ድራማ፣ በእንግሊዝኛ ስሙ «ሂንተርላንድ»፣ በዌልስ አቤሪስትዊዝ ከተማ አካባቢ ሲቀረጽ እያንዳንዱ ትዕይንት ሁለት ጊዜ ተሠራ፤ አንዴ በዌልስኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ። ዲኮር፣ አልባሳት፣ መብራትና ቦታ አንድ ስለሆነ ወጪው በእጥፍ አይጨምርም። የሚጨምረው የተዋናዩ ሰዓትና የኤዲቲንጉ ሥራ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ካሜራው ሳይነሳ በሁለቱም ቋንቋ ቀርጾ ወደ ቀጣዩ ሾት መሄድ፤ መብራት እንደገና ከማስተካከል ያድናል፣ ነገር ግን ተዋናዩ በየደቂቃው ቋንቋ ይቀይራል። ሁለተኛው ሙሉውን ትዕይንት በአንዱ ጨርሶ በሌላው መመለስ። እንደ እኔ ለቅሶ ወይም ጠብ ያለበት ትዕይንት በሁለተኛው መንገድ ይሠራ፤ በር ከፍቶ የመግባት ያህል ነገር በመጀመሪያው ይለቅ። በየትኛውም ቢሆን ተዋናዩ ደከም በሚልበት ቋንቋ ጀምሩ። ሲደክመው አፉ ወደለመደው ይሸሻል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሲኒ ነው። «ቡናዬን ሳልጨርስ አልሄድም» የሚል ሰው ሲኒውን የሚያነሳው «ቡናዬን» ሲል፣ መጀመሪያ ላይ ነው። እንግሊዝኛው «አልሄድም»ን አስቀድሞ ቡናውን መጨረሻ ላይ ያመጣል፣ ሲኒውም ያን ጊዜ ይነሳል። ኋላ ኤዲተሩ ከአንዱ ቅጂ የአድማጩን ዝምታ ቆርጦ ለሌላው ልጠቀም ሲል፣ በአንዱ ሲኒው አየር ላይ፣ በሌላው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ የስክሪፕት ተቆጣጣሪው ሁለት ስክሪፕት ይዞ በእያንዳንዱ ላይ እጅ የሚንቀሳቀስበትን ቃል ያስምር።

አክብሮትም ሌላ ጉድጓድ ነው። ዌልስኛ እንደኛ «አንተ» እና «እርስዎ» አለው፤ «ቲ» እና «ኺ» ይሏቸዋል። እንግሊዝኛ ሁለቱንም አንድ ላይ ጨፍልቋቸዋል። አንድ ሹም አዛውንቷን «እርስዎ» ሲል ቆይቶ በንዴት «አንቺ» ካለ፣ አማርኛ ተመልካች ክው ይላል። በእንግሊዝኛው ቅጂ ያ ምት ከቃሉ ውስጥ ስለሌለ፣ ተዋናዩ አንድ እርምጃ በመቅረብ ወይም ቁጭ ብሎ በማናገር ማምጣት አለበት።

አማርኛና አፋን ኦሮሞን ለሚያጣምሩ የአዲስ አበባ ተዋናዮች ከዌልሶች የሚቀል ነገር አለ፦ ሁለቱም ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርጉ እጅና ሲኒው ብዙም አይጋጩም። «እርስዎ»ም «ኢሲን» ሆኖ ይሻገራል። «አንተ»ም «አንቺ»ም የሚባልበት «አቲ» ግን ወንድና ሴት አይለይም። አማርኛው ላይ ወንዱን «አንቺ» ብሎ መሳደብ ካለ፣ በአፋን ኦሮሞው ስድቡ ይጠፋል። ለዚህ ነው ሁለተኛው ስክሪፕት በተርጓሚ ሳይሆን በቋንቋው በሚጽፍ ደራሲ መሠራት ያለበት። ድምፅ ላይም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአማርኛ አፍ የፈታ ተዋናይ «ዹፌ» (መጣ) ሲል «ዸ»ን «ደ» ያደርገዋል። «ላፋ» አናባቢዎቹ ሲያጥሩ መሬት ነው፣ ሲረዝሙ ለስላሳ። በተቃራኒው ደግሞ አማርኛ ማጥበቅ ይፈልጋል፤ «ገና» ላልቶ «እስካሁን» ነው፣ ጠብቆ በዓሉ።

ከዜሮ ለሚጀምርም መንገዱ ዝግ አይደለም። የዌልሷ ተዋናይት ኢቭ ማይልስ «ኢን ቦሬ መርኸር» ለተባለው የ2017 ተከታታይ ድራማ ስትል ዌልስኛ ተማረች፤ ያንኑ ገጸ ባሕርይ በእንግሊዝኛውም ተጫወተች። ለልምምድ የምመክረው ይህን ነው፦ ሁለቱን ስክሪፕት በአንድ ቀን አታጥኑ። መጀመሪያ ትዕይንቱን ያለ ቃል፣ በእንቅስቃሴ ብቻ ሥሩት። በማግስቱ በአንዱ ቋንቋ፣ በሦስተኛው ቀን በሌላው። ከዚያ በስልክ ድምፃችሁን ቀድታችሁ፣ ቋንቋው የአፍ መፍቻው ለሆነ ሰው ፊታችሁን ሳታሳዩ አሰሙ። «የየት አገር ሰው ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ገጸ ባሕርይው የተወለደበት ቦታ ካልሆነ፣ ቀረጻው ይቆይ።