ጣጣው ካርዱ ላይ ይጻፍ

ለጓደኞቻችሁ የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አስማታዊ ዕቃ ልትሠሩ ላሰባችሁ ጌም ማስተሮች፣ ማለትም ጨዋታውን ለምትተርኩት፣ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የዕቃውን ጣጣ ከተጫዋቹ አትደብቁ። የመመሪያው መጽሐፍ ደብቁ ይላል። በዚህ ጉዳይ መመሪያውን አትስሙት።

የምንጫወተው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ነው፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡትን። ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ አንዱ ዓለሙን ይተርካል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፣ አጠራጣሪውን ነገር ዳይስ ይዳኘዋል። እኛ ጋ ተራኪው እኔ ነኝ። ሕጋችን እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አምስተኛ እትም ነው፤ ወሬያችን አማርኛ።

ዕቃ መሥራት የጀመርኩት የጨዋታው ሀብት ስለሰለቸኝ ነው። ፕላስ አንድ ሰይፍ፣ ምት ላይ አንድ ነጥብ የሚጨምር፣ ያገኘ ተጫዋች ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ በኋላ ሰይፉን የሚያስታውሰው የለም። እኔ የፈለግሁት ከስልቻ ሲወጣ ሁሉም ቀና ብሎ የሚያየው፣ ባለቤቱም ልጠቀምበት ወይስ ይቅርብኝ ብሎ የሚያመነታበት ዕቃ ነበር። የሚያስገርም ኃይል ይኑረው፣ የሚያስቸግር ጣጣም ይኑረው። ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ኃይሉን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ጣጣውን በሌላ አንድ ጻፉ፤ ማን ለምን እንደሠራው አስቡ፤ ካርድ ላይ ገልብጡት። በቃ።

ነገሩ የተበላሸው ጣጣውን ለባለቤቱ መቼ ልንገረው በሚለው ላይ ነው። መመሪያው እንዲህ ያለውን ጣጣ እርግማን ይለዋል፤ ለተጠቃሚውም ድንገተኛ መሆን አለበት ይላል። ዕቃን ለመለየት የሚያገለግለው አይደንቲፋይ የተባለው ድግምት እንኳ እርግማኑን እንደማያሳይ ደንግጓል። አንድ የቆየ ጌም ማስተርም ይህንኑ ደገመልኝ፤ «ደስታው ሲደነግጡ ማየት ነው» አለኝ። እኔም በመጽሐፉ ውስጥ የተዘጋጀውን በርሰርከር አክስ የተባለ መጥረቢያ አንሥቼ ለጦረኛችን ሰጠሁት። የመጥረቢያው ኃይል ያጓጓል፤ ምቱን ያጠነክራል፣ የባለቤቱንም የሕይወት ነጥብ በየደረጃው አንድ አንድ ይጨምራል። የተደበቀው ግን ይህ ነው፦ አንዴ ከተጣመረው፣ ማለትም ራሱን በአስማት ከመጥረቢያው ጋር ካስተሳሰረ፣ በኋላ ሊለየው አይወድም፤ ጠላት ባቆሰለው ቁጥር ዳይስ ወርውሮ 15 መሙላት አለበት። ካልሞላ ያብዳል፤ አጠገቡ ያለውን ፍጡር፣ ወዳጅም ይሁን ጠላት፣ ይመታል። በ60 ጫማ ውስጥ የሚያየው ወይም የሚሰማው ፍጡር እስካለ ድረስም እብደቱ አይለቀውም።

ጦረኛውን የሚጫወተው ያን ገጸ ባሕርይ ለወራት ያሳደገው ጓደኛችን ነው። ጦረኛው የቡድኑን ካህን ሊጠብቅ የማለ ሰው ነበር፤ ታሪኩ ሁሉ በዚያ መሐላ ላይ የቆመ ነው። ድልድይ ላይ ውጊያ ገጠሙ። አንዲት ተራ ቀስት ትከሻውን ጫረችው። ዳይሱን ወረወረ፣ አልሞላም። አጠገቡ የነበረችው ካህኗ ናት፤ ሊጠብቃት ስለማለ ሁልጊዜም የምትቆመው ከጀርባው ነው። «ዞረህ ትመታታለህ» አልኩት።

«እኔ?» አለ።

«መጥረቢያው ነው።»

መታት። በሚቀጥለው ተራ እንደገና መታት፣ ወደቀች። በሦስተኛው ተራ ዳይሱን ወደ እኔ ገፋና «አንተው ወርውርልኝ» አለ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታናድደኛለች። ልክ ነበር፤ እሱ እዚያ መቀመጡ ምንም አይለውጥም ነበር። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹ ያለው ነገር «ይህን አደርጋለሁ» ማለት ብቻ ነው፤ ጭራቁም፣ መንገዱም፣ አየሩም የጌም ማስተሩ ነው። የተደበቀ እርግማን የሚወስደው ያንኑ አንዱን ነው። መጥረቢያውን ሲያነሣ ምርጫ የመረጠ ይመስላል፤ ግን ምን እንደሚመርጥ አልተነገረውም። ካህኗን ሲመታ ደግሞ ጭራሽ ምርጫ የለውም። ካህኗን የምትጫወተው ጓደኛችን «አንተ እኮ አይደለህም» ብላ አጽናናችው። እውነቷን ነው፣ እሱ አልነበረም። ችግሩም ያ ነው።

ከዚህ የባሰው ቀጥሎ የመጣው ነው። ቡድኑ አምስተኛ ደረጃ ሲደርስ ካህኗ ሪሙቭ ከርስ የሚባለውን ድግምት አገኘች። አንድ ጊዜ ደገመችው፣ ጥምረቱ ተበጠሰ፣ መጥረቢያው ገደል ተጣለ። ያ ሁሉ ደም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተዘጋ። ሕጉን እንዲህ አድርጎ የጻፈ ሰው ጠረጴዛው ላይ ምን እንደሚሆን አስቦበታል ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል። እርግማኑ ከመታወቁ በፊት ተጫዋቹ ሊወስንበት አይችልም፤ ከታወቀ በኋላ ደግሞ የሚወስነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መጣል። ማመንታት የሚባለው፣ እኔ የፈለግሁት፣ በሁለቱም በኩል የለም።

የሚገርመው፣ ጥሩ ምሳሌው እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ እርግማን ብለው ስላልጠሩት ብቻ ማንም አያስተውለውም። ባግ ኦቭ ሆልዲንግ የተባለው ቦርሳ 500 ፓውንድ ዕቃ ይውጣል፣ ክብደቱ ግን ከ15 አያልፍም። ከተቀደደ ያለው ሁሉ ወደ ሌላ ዓለም ይበተናል። ውስጡ የገባ ሰው አየር የሚበቃው ለ10 ደቂቃ ነው። ተመሳሳይ ቦርሳ ውስጥ ከከተቱት ሁለቱም ይጠፉና አካባቢውን የሚመጥጥ በር ይከፈታል። ይህን ተጫዋቹ ሁሉ ያውቃል። ስለሚያውቅም ይጠነቀቃል፣ ያቅዳል፣ አንዳንዱም ሆን ብሎ ጠላት ላይ ያፈነዳዋል።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው ዕቃ ሁሉ ጣጣው ካርዱ ላይ ተጽፎ ነው የሚሰጠው። በጣም የምኮራበት ክታቡ ነው። በአገራችን የብራና ክታብ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ሐሳቡን ከዚያ ወሰድኩ። ካርዱ እንዲህ ይላል፦ «ገዳይ ምት ሲመጣብህ ክታቡ ይቀበልልሃል፤ ከግርጌው አንድ ስንዝር ይቃጠላል። ክታቡ የማይደርስበት አካልህ ጥበቃ የለውም።» የሰጠሁት ለዚያው ለጦረኛው ነው። የመጀመሪያው ስንዝር ሲቃጠል የእግር ብረት ገዛ። ሁለተኛው ሲሄድ ወንዝ በእግሩ መሻገር ተወ፣ በቅሎ ፈለገ። ግማሹ ካለቀ በኋላ ግን እኔ ፈጽሞ ያላሰብኩትን አደረገ። ቡድኑ ውስጥ ሃፍሊንግ አለ፣ ቁመቱ የሰው ግማሽ። «ለእሱ እኮ ሙሉ ነው» ብሎ አንገቱ ላይ አሰረለት። ያን ምሽት ዳይስ እንዲወረውርለት ማንንም አልጠየቀም።

ሌላው ከረጢት ነው። እጅ በገባ ቁጥር 10 ወርቅ ይወጣል፤ ወርቁ ግን የሚጎድለው በቅርብ ካለው ቤት ነው። ድሃ መንደር ውስጥ ጦማቸውን አደሩ እንጂ አልነኩትም። ከተማ ሲገቡ የግብር ሰብሳቢው አጥር ሥር ድንኳን ተከሉ። ሦስተኛው የማይታየውን የሚያሳይ ኩራዝ ነው፤ በብርሃኑ የታየ ሁሉ የያዘውን ሰው መልሶ ያያል። እሱን እስካሁን የደፈረው ጥቂት ነው።

ከቁጥር ተጠንቀቁ። «ምትህ በሁለት ይቀንሳል» የሚል ጣጣ ተጫዋቹ አንዴ ያሰላዋል፣ ከዚያ የለም። ተራ የሚያሳጣ ጣጣም አትስጡ፤ ሰው የመጣው ሊጫወት ነው። ገጸ ባሕርይው የቆመለትን ነገር የሚያፈርስ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱን ለብቻ ጠይቁት፣ እሺ ካለ ብቻ ስጡት። ዕቃው ከስልቻ ሳይወጣ ከቀረ ጣጣው ከብዷል፤ ሳያመነቱ ካወጡት ቀሏል። በመሐል አስተካክሉት፣ ካርዱንም ፊታቸው እንደገና ጻፉ።

ሁሉ ከታወቀ ምሥጢር የት ቀረ የሚሉኝ አሉ። ምሥጢሩ ዋጋው ላይ መሆን የለበትም፤ የዕቃው ታሪክ ላይ ይሁን። ክታቡን ማን እንደጻፈው፣ ለማን ብሎ እንደጻፈው አልነገርኳቸውም። ሃፍሊንጉ ብራናው ላይ የተሠረዘ ስም አግኝቷል፤ አሁን ጉዟቸው ስሙ ወደሚመራቸው ገዳም ነው።