ቀለሙ ጠፋ፤ ኬሚካሉስ የት ገባ?

ባክቴሪያ መርዝ "ይበላል" ሲባል ሁሌም ይከነክነኛል። አንዳንዱን እውነትም ይበላዋል። ብዙውን ግን ኤሌክትሮን ይሰጠውና መልኩን ይቀይረዋል። ኬሚስቶች ሪዳክሽን የሚሉት ይህንን ነው። ኤሌክትሮን ሰጪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሚተርፍ ነገር አለ። ወሬው ላይ ሁሌ የሚዘለለው ይህ የሚተርፈው ነገር ነው። ስለዚህ ራሴ ልሞክረው ብዬ ተነሳሁ።

ለውጡን በዓይኔ ማየት ስለፈለግኩ ሜቲል ኦሬንጅ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ቀለም መረጥኩ። ቀለሙን የሚሰጠው መሃሉ ላይ ያለው አዞ ቦንድ ነው፤ ማለትም በድርብ ቦንድ የተያያዙ ሁለት የናይትሮጅን አተሞች። ከሰው ሠራሽ የጨርቅ ቀለሞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህ ቦንድ አላቸው። ቦንዱ 4 ኤሌክትሮንና 4 ፕሮቶን ሲያገኝ ለሁለት ይቆረጣል፣ ቀለሙም ድራሹ ይጠፋል። በሕዋስ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያመላልሰው ኤንኤዲኤች በአንድ ጊዜ 2 ብቻ ነው የሚያደርሰው። ስለዚህ አንድ ቦንድ ለመቁረጥ ሁለት ኤንኤዲኤች ይወጣል ማለት ነው።

ባክቴሪያውን ያገኘሁት ከፍሳሽ ማጣሪያ፣ አየር ከማይገባበት ታንክ ከወጣ ዝቃጭ ነው። ሽታውን ባልናገር ይሻላል። ጠርሙሶቹ ውስጥ ዝቃጩን፣ በሊትር 50 ሚሊግራም ሜቲል ኦሬንጅና ግሉኮስ ጨመርኩ። ግሉኮሱ ለቀለሙ አይደለም፤ ኤሌክትሮኑ የሚመጣው ከእሱ ነው። ባክቴሪያው ግሉኮሱን ሲያፈርስ የሚያገኘውን ኤሌክትሮን የሆነ ቦታ መጣል አለበት። እኔ ያዘጋጀሁለት መጣያ ቀለሙን ነው።

ፎስፌት ባፈር፣ ማለትም የአሲድ መጠኑ (ፒኤቹ) እንዳይለዋወጥ የሚይዝ ጨው፣ መጨመር ግድ ነው። ሜቲል ኦሬንጅ ራሱ የአሲድ መለኪያ ነው፤ ፒኤች ከ4.4 በላይ ሲሆን ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ቢጫ፣ ከ3.1 በታች ሲወርድ ቀይ ይሆናል። ግሉኮስ ሲብላላ ደግሞ አሲድ ይወጣል። ባፈር ከሌለ ቀለሙ የተቀየረው በባክቴሪያው ይሁን በአሲዱ አይለይም። እኔ ፒኤቹን 7 አካባቢ ያዝኩትና ቀለሙን ስፔክትሮፎቶሜትር በሚባለው የብርሃን መለኪያ፣ ቀለሙ በሚመጠው የ464 ናኖሜትር ብርሃን ላይ ተከታተልኩ።

ግማሾቹን ጠርሙሶች በናይትሮጅን ጋዝ አየራቸውን አስወጥቼ ግጥም አድርጌ ዘጋኋቸው። የቀሩትን ክፍት ትቼ መነቅነቂያ ላይ አስቀመጥኳቸው። የተዘጉት ቀስ በቀስ ከብርቱካናማ ወደ ገረጣ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ዝቃጩ የራሱ መልክ ሄዱ። የክፍቶቹ ቀለም ግን አልተለወጠም። ባክቴሪያው ያው፣ ምግቡም ያው፣ ልዩነቱ ኦክስጅን ብቻ። ኦክስጅን ኤሌክትሮን ሲታደል ሰልፍ ጥሶ የሚገባ ደንበኛ ነው፤ እሱ እያለ ለቀለሙ የሚደርሰው የለም።

ይህን ካየሁ በኋላ ሜትሮኒዳዞል የሚባለው መድኃኒት በደንብ ገባኝ። መድኃኒቱ እንዳለ ሲዋጥ በባክቴሪያ ላይ ብዙም ጉልበት የለውም። ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ጀርሞች ውስጥ ሲገባ ግን የናይትሮ ቡድኑ (ናይትሮጅንና ኦክስጅን ያለበት ክፍሉ) ኤሌክትሮን ይቀበላል፤ ከዚያ የሚወጡት ስብርባሪዎች የጀርሙን ዲኤንኤ ይጎዳሉ። ኦክስጅን ባለበት ደግሞ ያቺን የመጀመሪያ ኤሌክትሮን ኦክስጅን መልሶ ይነጥቃታል። መድኃኒቱ አየር ወዳድ ባክቴሪያ ላይ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወደ ጠርሙሶቹ ልመለስ። በሙቀት የተገደለ ዝቃጭ ያለባቸውንም ጎን ለጎን አስቀምጬ ነበር። እነሱም በመጀመሪያው ሰዓት ትንሽ ገረጡ! ሙት ባክቴሪያ ምን ሊሠራ ይችላል? ዝቃጩን ከፈሳሹ በሚለየው ማሽከርከሪያ፣ በሴንትሪፊውጅ፣ ሳዞረው መልሱ ታች ተቀምጦ አገኘሁት፤ ዝቃጩ ራሱ ብርቱካናማ ሆኗል። ቀለሙ አልተቆረጠም፣ ተለጥፎ ነው። ሕያው ዝቃጭ ካለባቸው ጠርሙሶች የወጣው ግን እንደ ድሮው ጥቁር ነበር። "በባዮሎጂ 90 በመቶ አስወገድን" የሚል ነገር ሳነብ አሁን መጀመሪያ የምፈልገው የሞተውን ማነጻጸሪያ ነው። ከሌለ ቁጥሩን አላምነውም።

በጣም የወደድኩት ክፍል ሪቦፍላቪን ነው፤ ቫይታሚን ቢ2 ማለት ነው። ሜቲል ኦሬንጅ ኤሌክትሪካዊ ቻርጅ ስላለው የሕዋስን ሽፋን በቀላሉ አያልፍም። አንድ ጠርሙስ ላይ ከቀለሙ እጅግ ያነሰ ሪቦፍላቪን ጠብ ሳደርግበት ከሌሎቹ ቀድሞ ገረጣ። ሪቦፍላቪን ከባክቴሪያው ኤሌክትሮን ይቀበላል፣ ለቀለሙ ያስረክባል፣ ተመልሶ ደግሞ ይጫናል። ስለማያልቅ ትንሹ ይበቃል። ከዚህ የምንረዳው ሥራው ሁሉ "የአንድ ኢንዛይም" እንዳልሆነ ነው። ዝቃጭ ውስጥ በኦክስጅን ምትክ ሰልፌት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት ሰልፋይድም ያለ ምንም ኢንዛይም አዞ ቦንድ መቁረጥ ይችላል። ሕይወት አንዳንዴ ሪዳክሽኑን የምታካሂደው በእጅ አዙር ነው።

አሁን ወደሚተርፈው ነገር። ሜቲል ኦሬንጅ ሲቆረጥ ሱልፋኒሊክ አሲድና ዳይሜቲል ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን ይወጣሉ። ሁለቱም አሮማቲክ አሚኖች፣ ማለትም የካርቦን ቀለበት ላይ ናይትሮጅን ያለባቸው ውህዶች ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ መርዛማ ነው። ቀለም አልባ ሆኖ የተጣራውን ፈሳሽ ኬሚካሎችን ለያይቶ በየተራ በሚያወጣው ማሽን፣ በኤችፒኤልሲ፣ ሳሳልፈው ከገዛሁት ንጹሕ ሱልፋኒሊክ አሲድ ጋር በተመሳሳይ ደቂቃ የሚወጣ ፒክ (በግራፉ ላይ ብቅ የሚል ጫፍ) ታየ። ከማሽኑ በላይ ያስደነቀኝ ግን ክዳኑን ከፍቼ የተውኩት ቱቦ ነው። ከላይ፣ አየር የሚነካው ጫፍ ላይ፣ ቀጭን ሮዝ ቀለበት ብቅ አለ፤ ቆየት ብሎ ወደ ታች ወረደ። ያ ዳያሚን አየር ሲያገኝ ኤሌክትሮን ጥሎ ባለቀለም ራዲካል፣ ማለትም ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ያለው ሞለኪውል፣ ይሆናል። "ጸዳ" ያልኩት ውኃ ዓይኔ እያየ እንደገና ቀለም አወጣ።

የሚተርፈው ነገር ግን ሁሌ ጠላት አይደለም። ጀርመናዊው ተመራማሪ ጌርሃርድ ዶማክ በ1935 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ያሳተመው ፕሮንቶዚል የሚባል ቀይ የአዞ ቀለም አይጦችን ስትሬፕቶኮከስ ከሚባለው ባክቴሪያ አድኗል፤ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ግን ባክቴሪያን አይገድልም ነበር። በዚያው ዓመት በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙ። ሰውነት ቦንዱን ሲቆርጠው ቀለም አልባው ሰልፋኒላማይድ ይወጣል፤ መድኃኒቱ እሱ ነው። ለአንጀት ቁስለት የሚታዘዘው ሰልፋሳላዚንም ታስቦበት የተሠራ ይመስላል። ትልቁ አንጀት ሲደርስ የእዚያ ባክቴሪያዎች ይቆርጡታል፣ ፈዋሹ ክፍልም እዚያው በሚፈለግበት ቦታ ይለቀቃል።

ተቃራኒውም አለ። ኤገርቴላ ሌንታ የምትባል የአንጀት ባክቴሪያ የልብ መድኃኒቱን ዲጎክሲን ቀለበት ላይ ያለውን ድርብ ቦንድ ሪዲውስ አድርጋ ከጥቅም ውጭ ታደርገዋለች። በአፈርና በከርሰ ምድር ውኃ ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ፈሳሽ የነበረው ቴትራክሎሮኢቲሊን ክሎሪኖቹን አንድ በአንድ እያጣ ይሄዳል። ዲሃሎኮኮይዲስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ካሉ ጉዳት የሌለው ኢቲሊን እስኪሆን ይዘልቃል። ከሌሉ ግን ሥራው መንገድ ላይ ቪኒል ክሎራይድ ላይ ሊቆም ይችላል። እሱ ካንሰር አምጪ ነው፤ ከተነሱበት የባሰ ጣጣ። ሄክሳቫለንት ክሮሚየም (ስድስት ኤሌክትሮን ያጣው የክሮሚየም ዓይነት) ላይ ስንመጣ ሪዳክሽኑ በቀጥታ ውለታ ነው። ሦስቱን መልሶ አግኝቶ ትራይቫለንት ሲሆን መርዛማነቱም በውኃ መሟሟቱም በጣም ይቀንሳል።

አሁን አሠራሬን ቀይሬዋለሁ። መጀመሪያ አየር የሌለበት ደረጃ፣ ቀጥሎ አየር የሚነፋበት። የመጀመሪያው ቦንዱን ይቆርጣል፣ ሁለተኛው አሚኖቹን የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎችን ያሠራል። ሱልፋኒሊክ አሲድን የሚበላ ባክቴሪያ በየዝቃጩ አይገኝም። ስለዚህ ፒኩ ባልወረደ ቁጥር ከሌላ ታንክ ዝቃጭ እቀላቅላለሁ።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ቀለሙን ስትገዙ የሚቆረጥባቸውን ውጤቶችም ንጹሕ አድርጋችሁ አብራችሁ ግዙ፤ ያለ እነሱ ፒኩ የማን እንደሆነ አታውቁም። ጓንትና የጋዝ መሳቢያ ይኑራችሁ። ቀለሙ ደስ ይላል ብላችሁ ኮንጎ ሬድን እንዳትመርጡ። እሱ ሲቆረጥ የሚወጣው ቤንዚዲን ነው፤ በሰው ላይ የፊኛ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ።