ካሮ ሲላላ፣ ካሮ ሲጠብቅ፦ ኦፔራን አዲስ አበባ ላይ የተማርኩበት መንገድ

"ካሮ" በጣሊያንኛ ላልቶ ሲነበብ "ውድ" ማለት ነው፤ "ሮ" ከጠበቀ ግን "ጋሪ" ይሆናል። ብዙ ጀማሪ የሚያጠናው "ካሮ ሚዮ ቤን" የተባለው ዜማ ጠብቆ ከተዘፈነ "ውዴ ሆይ" መሆኑ ይቀርና "ጋሪዬ ሆይ" ሆኖ ያርፋል። "ፔና"ም እንዲሁ ነው፤ ሲላላ ስቃይ፣ ሲጠብቅ እስክሪብቶ። እኛ "ገና አልመጣም" እና "ለገና ይመጣል" ስንል ልዩነቱን ያለ አስተማሪ ነው የለመድነው። ከደብረ ሲና መጥቼ አራት ኪሎ አካባቢ ክፍል ተከራይቼ በጣሊያንኛ ኦፔራ መዝፈን ስጀምር መጀመሪያ የገባኝ ይኸው ነው፦ አማርኛ የሥራውን እኩሌታ ሠርቶ ይጠብቃል፣ እኩሌታውን ደግሞ ያበላሻል።

የሚያበላሸው ከአናባቢው ላይ ነው። አማርኛም ሰባት አናባቢ አለው፣ ጣሊያንኛም ሰባት፤ ግን ሰባቱ አንድ አይደሉም። የእኛ ግዕዝና ሳድስ (እንደ "ለ" እና "ል") እዚያ የሉም። ስለዚህ "አሞሬ" የሚለው ቃል መጨረሻው ላይ ሲደክመን "አሞረ" ይሆናል፤ ረጅም ኖታ ላይ ሲመጣ ደግሞ ጉድለቱ ጎልቶ ይሰማል። በተቃራኒው እነሱ ሁለት ዓይነት "ኤ" እና ሁለት ዓይነት "ኦ" አላቸው፣ አንዱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ። ፊደላችን ይህን አይለይም። እኔ ግጥሙን በእጄ በፊደል ገልብጬ ሰፊው ሥር መስመር አሰምራለሁ፤ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ደግሞ ሁለት ነጥብ አኖራለሁ።

አንድ የሁለት ገጽ ዜማ እንዲህ አንድ ሳምንት ይፈጃል። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ቃል ትርጉም ከሥሩ መጻፍ። ቀጥሎ ለሦስት ቀን ያለ ዜማ በምቱ ብቻ ማንበብ። ከዚያ ተነባቢውን ሁሉ ጥሎ በአናባቢው ብቻ መዝፈን፣ በመጨረሻ ሙሉውን። አብዛኛው ሰው ሦስተኛዋን ይዘላታል፤ ድምፁ ቃል በቃል እየተቆራረጠ የሚወጣውም ለዚህ ነው።

ሌላው ጣጣ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ ናቸው። እነሱን ስንል ጉሮሮ ለቅጽበት ይዘጋል። የጣሊያንኛው "ት" ያለ ትንፋሽ ስለሚወጣ ለጆሯችን ወደ "ጥ" ይቀርባል፤ "ጣሊያን" ብለን የምንጽፍ ሰዎች መሆናችንን ልብ ይሏል። ጉሮሮን ሳይዘጉ "ት" ለማለት ከአፍ 10 ሴንቲሜትር ርቆ ስስ ወረቀት መያዝ ይረዳል። ወረቀቱ ከተወዛወዘ ትንፋሽ በዝቷል፤ ካልተወዛወዘና ጉሮሮም "ቀጭ" ካላለ ልክ ነው።

ትንፋሽ ላይ ከተማዋ ራሷ ትፈትናለች። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ሳንባ ያው ነው፣ የመተንፈስ ፍላጎቱ ግን ቶሎ ይመጣል። መፍትሔው ብዙ አየር ማጨቅ አይደለም፤ ያ ትከሻን ያነሳል፣ ትከሻ ሲነሳ አንገት ይገተራል። ጣሊያኖች "አፖጆ" የሚሉት ዘዴ የታችኛው ጎድን አጥንት እየዘፈኑም ተከፍቶ እንዲቆይ ማድረግ ነው። እጅን ጎድን ላይ አድርጎ 4 ሰከንድ መሳብ፣ ከዚያ "ስስስ" እያሉ በእኩል ኃይል ማውጣት፤ በ15 ሰከንድ ተጀምሮ እስከ 30 ይደረሳል። ድምፁ ከተንቀጠቀጠ እዚያው ይቆማል።

ለማሟሟቅ ከጁስ ስትሮ የሚሻል አላገኘሁም። የውኃ ፕላስቲክ እስከ ግማሽ ሞልቶ ስትሮውን 3 ሴንቲሜትር ያህል ማጥለቅ፣ ከታች ወደ ላይ እየተንሸራተቱ "ኡ" ማለት፣ 5 ደቂቃ። ውኃው የሚመልሰው ግፊት የድምፅ አውታሮቹ ሳይጋጩ በለስላሳው እንዲገናኙ ያደርጋል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሌላም ጥቅም አለው፤ ጎረቤት ግድግዳ አይመታም።

እዚህ ዘፋኝ ሁሉ ማይክ ይዞ ነው ያደገው። ኦፔራ ማይክ የለውም፣ ግን ጩኸትም አይደለም። የኦርኬስትራ ጉልበት የሚበዛው 500 ሄርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ነው፤ የሠለጠነ ድምፅ ደግሞ 3,000 ሄርዝ አካባቢ፣ ጆሮ በደንብ በሚሰማበት ቦታ፣ ተጨማሪ ጉልበት ያከማቻል። ስለዚህ ኦርኬስትራውን በኃይል ማሸነፍ ሳይሆን ባዶ በተወለት ቦታ ማለፍ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው ድምፅ ከደረት (ከወፍራሙ) ወደ ራስ (ወደ ቀጭኑ) በሚሻገርበት ላይ ነው፤ ለባሪቶን (መካከለኛ የወንድ ድምፅ) ከመካከለኛው ዶ ሥር ካለው ሲ እስከ በላይ ያለው ሚ፣ ለቴኖር (ቀጭን የወንድ ድምፅ) ከሬ እስከ ሶል ገደማ። እዚያ ሲደረስ "አ"ን ትንሽ ወደ "ኦ" ጠጋ ማድረግ እንጂ መግፋት የለም። የገፋ ሰው ለጊዜው ይጨበጨብለታል፣ በማግስቱ ድምፁ ይዘጋል።

ከድጓ ቤት የመጡ ልጆች ርክርክ (ድምፅን ቶሎ ቶሎ ማርገብገብ) የለመደ ጉሮሮ ስላላቸው የኦፔራን ፈጣን ጌጥ፣ በአንድ ቃል ላይ የሚሽቀዳደሙትን ኖታዎች፣ ቶሎ ይይዙታል። ማኅሌት ቆመው ባደሩ ማግስት ግን ልምምድ ባይሞክሩ ይሻላል።

ስለ ጤና የሚነገረው ብዙው ልማድ ነው። ዝንጅብልና ጤና አዳም የሚወርዱት በምግብ ቧንቧ ስለሆነ አውታሩን አይነኩትም። የባሕር ዛፍ እንፋሎት ደግሞ ያስቆጣል፤ ንጹሕ የውኃ እንፋሎት 10 ደቂቃ ይበቃል። ዋናው ጠላት ማታ የሚበላ በርበሬ ነው፤ አሲድ ሌሊት ወደ ላይ ይመጣና ጠዋት ድምፁ ይሻክራል። በእራትና በመኝታ መካከል 3 ሰዓት ይኑር። ውኃ አውታሩ ላይ ለመድረስ ሰዓታት ስለሚፈጅበት መድረክ ጎን መጎንጨት አፍ ከማርጠብ አያልፍም። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ልምምዱን ወደ 11 ሰዓት ቢያደርገው ጥሩ ነው፤ በደረቀ ጉሮሮ ጠዋት መዝፈን ኪሳራ ነው። በበጋው ደረቅ አየር የተነጠፈ እርጥብ ፎጣ ክፍሉን ይረዳል። በቀን 20 ደቂቃ ሦስት ጊዜ መለማመድ በአንድ ጊዜ ሙሉ ሰዓት ከመለማመድ ይሻላል። መጎርነኑ ሁለት ሳምንት ካለፈ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሄዶ በካሜራ መታየት ነው።

ዕቃው ቀላል ነው። 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ይበቃል፤ መብራት ስለሚሄድ በባትሪ ድንጋይም የሚሠራውን መምረጥ። ኖታ አይኤምኤስኤልፒ (IMSLP) ከተባለው የኢንተርኔት የኖታ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ይወርዳል፤ የድሮዎቹ ዜማዎች የባለቤትነት ጊዜያቸው አልፏል።

ለትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የሚላክ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዜማ ይጠይቃል፣ ተቆርጦ ያልተቀጠለ፣ እያንዳንዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ የተቀረጸ። ስልኩን 3 ሜትር ርቆ ደረት ከፍታ ላይ ማቆም፤ ቅርብ ከሆነ ማይኩ ራሱን ዝቅ እያደረገ ከፍተኛውን ኖታ ይበላዋል። መጋረጃና ምንጣፍ የሞላው ሳሎን ድምፁን ይውጠዋል፣ ሲሚንቶ ብቻ የሆነ ክፍል ደግሞ ያስተጋባል፤ ኮሪደር አጠገብ ያለና በሩ የተከፈተ ክፍል የሁለቱ መካከለኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቅጹ ላይ የቤተሰብ ስም ሲጠየቅ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን የአያት ስም ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መጻፍ ያስፈልጋል፤ አንዱ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ከተጻፈ ማመልከቻዎቹ የሁለት ሰው ይመስላሉ።