አዲስ ጳጳስ በመጣ ቁጥር

ሜሪላንድ ውስጥ የምንከባከባቸው አሮጊት ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የልጅ ልጃቸው ምሥጢረ ሜሮን በተቀበለበት ዕለት የተነሣ ነው። በ2018 ጁን ወር መጨረሻ አንድ ማለዳ ሥራ ስገባ ፎቶግራፉ ከፍሬሙ ወጥቶ የቁርስ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። እማማ (እንዲህ ነው የምጠራቸው፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ በሌላ ስም ከጠራኋቸው ይቆጣሉ) በሚንቀጠቀጡ ጣቶቻቸው እያጠፉት ነበር። ጳጳሱ ወደ ኋላ ታጠፉ፤ ልጁ ቀረ። ፍሬሙ ውስጥ መልሼ ሰቀልኩላቸው። የጳጳሱ እጅ ግን ልጁ ትከሻ ላይ ስለነበር አብሮ ሊታጠፍ አልቻለም። አራቱ ጣቶች እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው።

ጳጳሱ ቴዎዶር መካሪክ ናቸው፤ ከ2001 እስከ 2006 የዋሽንግተን የካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ካርዲናል (ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ቀጥሎ ያለ ማዕረግ ነው)። ጁን 20 ቀን፣ ከብዙ ዓመታት በፊት ኒውዮርክ ውስጥ ካህን ሳሉ በአንድ ታዳጊ ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽመዋል የሚለው ክስ ተዓማኒ ሆኖ መገኘቱ ተገለጸ። በሚቀጥለው ወር ከካርዲናልነት ወረዱ። በፌብሩዋሪ 2019 ደግሞ ቫቲካን ክህነታቸውን ገፈፈች። ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ ዜናውን ስነግረው አንደበቴ ተሳሰረ። «እሳቸው» ልበል ወይስ «እሱ»? እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህ ጣጣ የለባቸውም። እኔ ግን ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አሁንም ስጽፍ «እሳቸው» ማለቴን ታያላችሁ። ልማድ ነው፤ አክብሮት አትበሉት።

ያደግሁት ጉራጌ ውስጥ፣ እምድብር ነው። አባ በመንገድ ሲያልፉ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ሳይቀር በትሩን ጥሎ ሮጦ እጃቸውን ይስማል። እናቴ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ስለ ንጉሥ ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ስለ ካህን ነበር። ስለዚህ በሴፕቴምበር 2018 እዚሁ ዋሽንግተን፣ የመካሪክ ተተኪ ካርዲናል ዶናልድ ዉርል ቅዳሴ ላይ ሲናገሩ አንድ ምእመን ቆሞ «ያሳፍራል!» ብሎ እንደጮኸባቸው በዜና ስሰማ እኔ ደነገጥኩ። እማማ ሻያቸውን እያማሰሉ «ዘግይቷል» አሉ።

ጩኸቱ ምክንያት ነበረው። በኦገስት የፔንሲልቬንያ ዓቃብያነ ሕግ በስድስት ሀገረ ስብከቶች ላይ የተካሄደውን ምርመራ ውጤት ይፋ አድርገው ነበር፤ ከ300 በላይ ካህናት፣ ከ1,000 በላይ ተጎጂ ሕፃናት። ዉርል ደግሞ ወደ ዋሽንግተን ከመምጣታቸው በፊት ለ18 ዓመታት የፒትስበርግ ጳጳስ ነበሩ። ሪፖርቱ አንዳንድ ካህናትን ከሥራ ማገዳቸውንም፣ ሌሎችን ማዘዋወራቸውንም ይዟል። ኦክቶበር 12 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ መልቀቂያቸውን ተቀበሉ፤ በጻፉላቸው ደብዳቤ ግን ጨዋነታቸውን አመሰገኑ። እማማ ያንን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ሁለተኛውን ጊዜ እንዳልሰሙ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። ሰምተው ኖሯል።

በየዓመቱ ለሀገረ ስብከቱ የሚሰጡት 200 ዶላር ነበር። በዚያ ዓመት ፖስታው ሲመጣ ቼኩን አላወጡም። በቼኩ ፈንታ አንዲት ካርድ አስገቡ፤ በእጃቸው የተጻፈ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረባት፦ «ማን፣ መቼ ያውቅ ነበር?» አድራሻውን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ፤ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ስጨምረው ግራ ቀኝ ማየቴ ትዝ ይለኛል። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2019፣ ዉርል ስለ መካሪክ አቤቱታ በ2004 ደርሷቸው ለቫቲካን እንደራሴ አስተላልፈው እንደነበር ወጣ። በ2018 ምንም አልሰማሁም ብለው ነበርና ሲጠየቁ «ረስቼው ነው» አሉ። ዘጠና ሊደፍኑ የቀረቡት እማማ «እኔ እንኳን እንዲህ ያለውን አልረሳም» አሉ።

በኤፕሪል 2019 ዊልተን ግሪጎሪ ተሾሙ። እኛ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ለዋሽንግተን የመጀመሪያው ጥቁር ሊቀ ጳጳስ ናቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ካርዲናልም ሆኑ። ግሪጎሪ በሹመታቸው ዕለት ይህን ሀገረ ስብከት ማገልገል የሚችሉት እውነቱን በመናገር ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። እማማ «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ሲነግሩን ነበር?» አሉ እንጂ ሰውየውን ወደዷቸው። በ2002 በዳላስ ጳጳሳቱ የልጆች ጥበቃ ደንብ ሲያወጡ የጉባኤው ሰብሳቢ ግሪጎሪ ነበሩ። ደንቡ ግን ካህናትንና ዲያቆናትን እንጂ ራሳቸውን ጳጳሳቱን አልነካም። ያን ጊዜ ስለ ደንቡ ለጋዜጠኞች ሲያስረዱ ከነበሩት አንዱ ማን መሰሏችሁ? መካሪክ!

የዚያ ደንብ አንድ ጫፍ እኔም ቤት ደርሷል። ልጄ ቅዳሴ ላይ ማገልገል ሲጀምር፣ ከልጆች ጋር የምንሠራ ሁሉ ሥልጠና እንድንወስድና የወንጀል ታሪካችን እንዲጣራ ተባልን። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ወርውረው «ሠላሳ ዓመት ባገለገልኩ እንደ ሌባ ልጣራ?» ብለው ወጡ። አሳዘኑኝ። ቅጹን ግን ሞላሁ።

ጃንዋሪ 6 ቀን 2025 የሳንዲያጎው ጳጳስ ሮበርት ማኬልሮይ በግሪጎሪ ቦታ ተሾሙ። እኛ ዘንድ መጀመሪያ የተወራው በዚያው ዕለት የተናገሩት ነው፤ ሰዎችን በጅምላ ከአገር ማባረር ከካቶሊክ ትምህርት ጋር አይሄድም ብለዋልና። ወረቀት የሌለው ዘመድ ያለው ሁሉ ስልኩን አንሥቶ ለሌላው አስተላለፈ። እኔም ለእማማ ይህንኑ በደስታ ስነግራቸው አዳምጠው ሲያበቁ «ሳይፕ የጻፈላቸው እኚህ አይደሉም?» አሉኝ።

እኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሪቻርድ ሳይፕ የቀድሞ መነኩሴና የሥነ ልቦና ሐኪም ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በካህናት ጥቃት ላይ ሲያጠኑ ኖረው በ2018 ዐረፉ። በ2016 ለማኬልሮይ በጻፉት ደብዳቤ የመካሪክ ስም አለበት። ማኬልሮይ ከሳይፕ ጋር ተገናኝተው እንደነበርና ከሰጧቸው መረጃ አንዳንዱ ትክክል እንዳልነበር መልስ ሰጥተዋል። መልሱ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እማማ ግን በአንድ ወረቀት ላይ የአራቱን ሊቃነ ጳጳሳት ስም፣ ከጎኑም ዓመተ ምሕረት ጽፈዋል። ማኬልሮይ ጎን 2016 አለ። እኔ ጳጳስ ሲሾም ለእኛ ምን ይጠቅመናል ብዬ እጠይቃለሁ፤ እሳቸው ከዚያች ካርድ ጥያቄ ንቅንቅ አላሉም። የእኔም ጥያቄ ተራ አይደለም፤ ነገር ግን ከወረቀታቸው አጠገብ ሳስቀምጠው ያንስብኛል።

ማርች 11 የበዓለ ሢመቱን ቅዳሴ በቴሌቪዥን አብረን አየን። ሲያበቃ እማማ መቁጠሪያቸውን አንሥተው ጸለዩ፤ በስማቸውም ጠርተው ጸለዩላቸው። ማታ እናቴ ከእምድብር ደወለች።

«አዲሱ ጳጳስ ገቡ አሉ። ቡራኬ ተቀበልሽ?»

«ገና እያየናቸው ነው» አልኳት።

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለችኝ፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኛስ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም ትያለሽ?»